ሐሺሽ ለሞርፊን ሱስ መድኃኒት ይሆናልን?

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገሮችን ሲሸሽ ኖሯል። አንደኛው የሥጋ ሕመም ነው፤ ሁለተኛውም የልብ ኀዘን ነው። ከሁለቱም ለማምለጥ ሲል ከምድር ዕፀዋት ቅጠሉንም ሥሩንም አበባውንም ሳይፈትን የተወው የለም። ከፈተናቸውም መካከል ሁለቱ እስከ ዛሬ ድረስ አልለቀቁትም። አንደኛው የፖፒ ፍሬ ሲበጣ የሚወጣው ወተት፣ ኦፒየም የሚባለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሐሺሽ ወይም ካናቢስ የሚባለው ነው። ሁለቱም በአንድ እጅ መድኃኒት፣ በሌላው እጅ መርዝ ይዘው ወደ ሰው ቤት የገቡ እንግዶች ናቸው።

በአሁኑ ዘመን ስለ እነዚህ ሁለት እንግዶች የሚነገረው ነገር ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን፣ ዛሬ ሐሺሽ ያጨሰ ነገ ሄሮይን መውጋቱ አይቀርም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ሐሺሽ የሄሮይንን ሱሰኛ ከጕድጓዱ የሚያወጣ መሰላል ነውና ለሱሰኛው ይሰጠው ይላል። ሁለቱም ወገኖች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከራከራሉ፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚፈረድበት ቦታ የሰው አንጎል መሆኑን ይዘነጋሉ። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን አንባቢዎቻችንን ወደዚያው ቦታ ይዘን ለመግባት፣ ሊቃውንት መርምረው ያገኙትን በአጭሩ ለመግለጽ፣ በመጨረሻም የመሰለንን ፍርድ ለመስጠት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ስሞቹ ጥቂት እንበል። ከኦፒየም የሚገኙት፣ እንዲሁም በፋብሪካ በእርሱ አምሳል የሚቀመሙት መድኃኒቶች፣ ሞርፊንም፣ ኮዴይንም፣ ሄሮይንም፣ ፌንታኒልም፣ ትራማዶልም፣ በአንድነት ኦፒዮይድ ይባላሉ። በካናቢስ ውስጥ የሚገኙትና በእነርሱ አምሳል የተሠሩት ደግሞ ካናቢኖይድ ይባላሉ። ከካናቢኖይዶቹ መካከል ሰውን የሚያሰክረው ዋነኛው ቲ ኤች ሲ በሚል አጭር ስም ይታወቃል። ሲ ቢ ዲ የሚባለው ሌላው ግን አያሰክርም። ይህን ልዩነት አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሞርፊንን ከኦፒየም ውስጥ ለይቶ ያወጣው ሰርቱርነር የተባለው ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ነው። ይህንንም የሠራው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ስሙንም ሞርፌዎስ ከተባለው ከግሪኮች የሕልም አምላክ ወሰደለት። ሞርፊን በእርግጥ ለሕመምተኛው ታላቅ በረከት ሆነ። ነገር ግን ከበረከቱ ጋር ሱሱ መጣ። በ1898 ባየር የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ሄሮይንን ለሳል መድኃኒት ብሎ ለገበያ ሲያቀርብ፣ እንደ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም ተብሎ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቃል። ከሞርፊን ለማምለጥ ወደ ሄሮይን የሄደው ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ገባ። እንግዲህ አንድ ሰው ዛሬ መጥቶ፣ «የአንዱን ሱስ በሌላው ዕፅ እፈውሳለሁ» ሲል፣ ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ሁሉ ማስረጃውን አሳየኝ ቢለው አይፈረድበትም።

ነገር ግን መሠረታዊው ጥያቄ ይህ ነው። ከአበባ የወጣ ወተት የሰውን ሕመም የሚያስታግሠው እንዴት ነው? ዕፁ አንጎላችንን ከየት አወቀው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ሞርፊን ከተለየ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በ1973 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ካንዳስ ፐርትና ሰሎሞን ስናይደር፣ በአንጎል ሕዋሳት ላይ ሞርፊን እንደ ቍልፍ የሚገባበት ጓጕንቸር እንዳለ አሳዩ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክና በስዊድን የሚገኙ ሌሎች ተመራማሪዎችም ይህንኑ አገኙ። እግዚአብሔር የሰውን አንጎል ሲፈጥር ለፖፒ አበባ ብሎ ጓጕንቸር አላበጀምና፣ ሌላ የራሱ ቍልፍ በውስጡ መኖር አለበት ተባለ። በ1975 በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ ጆን ሂዩዝና ሐንስ ኮስተርሊትዝ ይህን ቍልፍ ከአሳማ አንጎል ውስጥ አወጡት። ስሙንም ኤንኬፋሊን አሉት፤ በግሪክ ቋንቋ በራስ ውስጥ ያለ እንደ ማለት ነው።

የካናቢስም ነገር በዚሁ መንገድ ሄደ፤ ብቻ ዘግየት ብሎ ነው። በ1964 በእስራኤል አገር በሬሖቮት በሚገኘው በቫይዝማን የምርምር ተቋም ራፋኤል መሹላምና የሕያ ጋዖኒ ቲ ኤች ሲን ለይተው አወጡ። መሹላም ለምርምሩ የሚሆነውን 5 ኪሎ የሊባኖስ ሐሺሽ ያገኙት ከፖሊስ ዘንድ ነበር፤ ወደ ተቋማቸውም ያመጡት በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍረው እንደ ነበር ራሳቸው ተርከዋል። በ1988 በአሜሪካ አሊን ሀውሌትና ዊልያም ዴቫን የካናቢስን ጓጕንቸር አገኙ። በ1992 ደግሞ ዴቫን ከመሹላምና ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢየሩሳሌም ሆነው የአንጎልን የራሱን ቍልፍ አወጡ። ይህም እንደ ኤንኬፋሊን ሁሉ የተገኘው ከአሳማ አንጎል ነው። ስሙንም አናንዳሚድ አሉት፤ አናንዳ በሳንስክሪት ቋንቋ ደስታ ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ዕፀዋት ከውጭ የመጡ ሌቦች መሆናቸው ታወቀ ማለት ነው። የቤቱን ባለቤት ቍልፍ የሚመስል ቍልፍ ይዘው ይገባሉ። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ የባለቤቱ ቍልፍ በሩን ከፍቶ ወዲያው ይመለሳል። የሌባው ቍልፍ ግን በሩን ከፍቶ ይቆይበታል። በሩ አለልክ ሲከፈት አንጎል ጓጕንቸሮቹን ይቀንሳል፤ የቀሩትንም ያደነዝዛል። ሰውየው በትናንቱ መጠን አልረካም ብሎ የሚጨምረው፣ ሲያጣውም የሚንቀጠቀጠውና የሚያመው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሁለቱ ጓጕንቸሮች በአንጎል ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ አይደሉም። ሕመም በሚሰማበት፣ ደስታ በሚለካበት፣ ትዝታ በሚቀመጥበት ስፍራ ሁሉ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በአንዳንድ ቦታ ሁለቱም በአንዱ ሕዋስ ላይ አብረው ተተክለዋል። ከዚህም በላይ ከበሩ በስተጀርባ የሚሠሩት ሥራ ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ሕዋሱን ያረጋጋሉ፤ መልእክት እንዳይልክም ይይዙታል። ስለዚህ የአንዱ በር ሲንቀሳቀስ ሌላው ሳይሰማው አይቀርም።

ይህ መያዝና ማረጋጋት እንዴት ደስታን ሊያመጣ እንደሚችል ለአንባቢው ግራ ሊሆንበት ይችላል። በምሳሌ እናስረዳ። በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያፈስሱ ሕዋሳት አሉ። ዶፓሚን፣ «ይህ ነገር መልካም ነውና አስታውሰው፤ ነገም ፈልገው» የሚል መልእክት ነው። የራበው ሰው እንጀራ ሲቀርብለት፣ እናት ልጇን ስታቅፍ ይህ መልእክት በልክ ይላካል። ልኩን የሚጠብቁ ዘበኞች በበሩ ቆመዋል፤ ዶፓሚን አለልክ እንዳይፈስስ የሚከለክሉ ሌሎች ሕዋሳት ናቸው። ሞርፊን ወይም ሄሮይን ሲመጣ እነዚህን ዘበኞች ያስተኛቸዋል። ዘበኛው ሲተኛ በሩ ይከፈታል፤ ዶፓሚንም ይጎርፋል። ቲ ኤች ሲም የሚያደርገው በአብዛኛው ይህንኑ ነው፤ ዘበኛው የሚያሰማው ድምፅ ወደ በሩ እንዳይደርስ አፉን ይይዘዋል። እንግዲህ በሁለት ቍልፍ ሁለት በር ተከፈተ እንጂ፣ የተገባበት ቤት አንድ ነው።

ይህን ግምት ብቻ አድርጎ የሚቈጥር ሰው እንዳይኖር ሦስት ምርምሮችን እንጥቀስ። በ1997 በኢጣልያ ደሴት በሰርዴንያ፣ በካልያሪ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለአይጦች ቲ ኤች ሲን ለሌሎቹም ሄሮይንን ሰጥተው አንጎላቸውን መረመሩ። በሁለቱም ዕፆች ዶፓሚን በአንድ ቦታ ከፍ ሲል አገኙት። ከዚያም የኦፒየሙን ጓጕንቸር የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጡ፣ የሄሮይኑ ብቻ ሳይሆን የቲ ኤች ሲውም ሥራ ቆመ። የካናቢስ ደስታ በኦፒየሙ በር በኩል ያልፋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምርምር በ1999 ታተመ። ካትሪን ለዳንና ባልደረቦቿ የካናቢሱ ጓጕንቸር የሌላቸውን አይጦች አራቡ። እነዚህ አይጦች ሞርፊን ሲሰጣቸው ሕመማቸው እንደ ሌሎቹ ይታገሣል። ነገር ግን ሞርፊኑን ደጋግመው ለመውሰድ አይጓጉም፤ ሲከለከሉም የሚደርስባቸው ሥቃይ እጅግ ቀላል ሆነ። ይህ ነገር ሊደነቅ የሚገባው ነው። ሕመም ማስታገሡና ሱስ ማስያዙ በአንድ መድኃኒት ውስጥ ቢኖሩም፣ አንዱን ከሌላው መለየት የሚቻል መሆኑን አሳይቷልና። በ2002 የወጣው ሦስተኛው ምርምር ደግሞ ነገሩን ገልብጦ መረመረ። የሞርፊኑ ጓጕንቸር የሌላቸው አይጦች ቲ ኤች ሲ የሚሰጥበትን ቦታ እንደ ሌሎቹ አልወደዱትም። እንግዲህ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ የተከፈተ ነው።

ይህን የሰማ ሰው፣ «እንግዲያው ሐሺሽም ሄሮይንም አንድ ናቸው» ብሎ ቢፈርድ ግን ይሳሳታል። በአንጎል ግርጌ ትንፋሽን የሚያዝዝ ክፍል አለ። በዚያ ክፍል የኦፒየሙ ጓጕንቸር ሞልቷል፤ የካናቢሱ ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሄሮይንና ፌንታኒል መጠናቸው ሲያልፍ ሰውየውን እንደ ተኛ ትንፋሹን ያስቆሙታል፤ ካናቢስ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። በአሜሪካ በ2021 ብቻ ከ80,000 በላይ ሰዎች ኦፒዮይድ ባለበት መመረዝ ሞተዋል። በ2024 ቍጥሩ በብዙ ቢቀንስም፣ ዛሬም አገርን የሚያስለቅስ ነው። ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒት በጊዜ ከደረሰ የሌባውን ቍልፍ ከጓጕንቸሩ ነቅሎ ሰውየውን ከሞት ይመልሰዋል። ወደ ሱስ በመግባትም በኩል ልዩነት አለ። በ1994 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ካናቢስን ከሞከሩት ሰዎች በሱስ የተያዙት 9 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ሄሮይንን ከሞከሩት ግን 23 ከመቶ ያህል ናቸው። በትምባሆ የተያዙት ደግሞ 32 ከመቶ ሆነው መገኘታቸውን ሲጋራ በእጁ ይዞ ይህን የሚያነብ ሰው ልብ ይበል።

አሁን ወደ ሁለቱ ተከራካሪዎች እንመለስ። በመጀመሪያ፣ «ሐሺሽ የሄሮይን በር ነው» የሚለውን እንመርምር። ዴኒዝ ካንደል የተባለች ተመራማሪ በ1975 ባወጣችው ጥናት፣ ወጣቶች ወደ ዕፅ የሚገቡት በደረጃ መሆኑን አሳይታለች። መጀመሪያ ቢራና ወይን፣ ቀጥሎ ሲጋራና ጠንካራ መጠጥ፣ ቀጥሎም ሐሺሽ፣ በመጨረሻም ሌሎቹ ይመጣሉ። ነገር ግን ደረጃ መኖሩ ብቻ የታችኛው ደረጃ ሰውን ወደ ላይኛው ይገፋል ማለት አይደለም። ሐሺሽ ካጨሱት ሰዎች አብዛኞቹ ሄሮይንን ከቶ አይነኩም። ሁለቱንም የሚያመጣ ሌላ ምክንያት፣ ድህነትም ቢሆን፣ የቤተ ሰብ መበተንም ቢሆን፣ ክፉ ጓደኛም ቢሆን ሊኖር ይችላል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በዚህ ብቻ ማለፍ አይገባም። አይጥ ክፉ ጓደኛም ድህነትም የላትም። በ2007 በስዊድን አገር ያስሚን ሀርድና ባልደረቦቿ በታተመው ጥናታቸው፣ ገና ለጋ ለሆኑ አይጦች ቲ ኤች ሲ ሰጥተው፣ ካደጉ በኋላ ሄሮይንን በራሳቸው ፈቃድ እንዲወስዱ ዕድል ሰጧቸው። በልጅነታቸው ቲ ኤች ሲ የቀመሱት ካልቀመሱት ይልቅ አብልጠው ወሰዱ። አንጎላቸውም ሲመረመር፣ ኤንኬፋሊንን የሚሠራው የአንጎል ክፍል ተለውጦ ተገኘ። በልጅነት አንዱን በር መነካካት፣ ሌላውን በር ለዕድሜ ልክ ሊያላላው ይችላል ማለት ነው። አይጥ ሰው አይደለችም፤ ቢሆንም የሰው ልጅ አንጎል እስከ ሃያዎቹ ዓመታት አጋማሽ ድረስ ግንባታው የማያልቅ ቤት ስለሆነ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ ችላ ማለት አይቻልም። እንግዲህ የመጀመሪያው ወገን ስለ ሰው ሁሉ በመናገሩ ተሳስቷል፤ ስለ ልጆች በመፍራቱ ግን አልተሳሳተም።

ሁለተኛው ወገን፣ «ሐሺሽ ኦፒዮይድን ይተካል፤ ሱሰኛውንም ያድናል» የሚለውስ? ይህም መሠረት የሌለው ሐሳብ አይደለም። በእንስሳት ላይ የተደረጉትን ምርምሮች ሰብስቦ በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ሞርፊን ከቲ ኤች ሲ ጋር ሲሰጥ፣ ሕመሙን ለማስታገሥ የሚበቃው የሞርፊን መጠን በ3.6 እጅ ያንሳል። ሁለቱ በሮች አብረው ስለሚሠሩ ጥቂቱ ብዙ ሆነ ማለት ነው። ይህ በሰው ላይ ቢደገም ኖሮ ታላቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በአውስትራልያ 1,514 ሰዎችን አራት ዓመት ተከታትሎ በ2018 የወጣው ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። እነዚህ ሰዎች ካንሰር ላልሆነ፣ ለቈየ ሕመም ኦፒዮይድ የታዘዘላቸው ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ካናቢስን የጨመሩበት ሕመማቸው አልቀነሰም፤ የሚወስዱትንም ኦፒዮይድ ለመቀነሱ ማስረጃ አልተገኘም። በአይጥ ቤት የተገኘው በሰው ቤት አልተገኘም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የአሜሪካ ክፍለ አገሮች የቍጥር ታሪክ ነው። በ2014 አንድ ጥናት፣ ካናቢስን ለሕክምና የፈቀዱት ክፍለ አገሮች ካልፈቀዱት ይልቅ በኦፒዮይድ መሞት በ24.8 ከመቶ እንዳነሰባቸው አስታወቀ። የተመረመሩትም ዓመታት ከ1999 እስከ 2010 ያሉት ነበሩ። ወሬው በአንድ ጊዜ ዓለምን ሞላ፤ ነጋዴዎች በማስታወቂያ፣ ፖለቲከኞችም በንግግር ደጋገሙት። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ስሌት እስከ 2017 ድረስ ቢቀጥሉት፣ ነገሩ ተገልብጦ በ22.7 ከመቶ ጭማሪ ሆኖ ተገኘ። እኛ ይህን ስንጠቅስ ፈቃዱ ሰው ገደለ ለማለት አይደለም፤ የሁለተኛው ጥናት ጸሐፊዎችም እንዲህ አላሉም። ለማለት የፈለግነው፣ ስለ አንድ አገር ሕዝብ የተሰበሰበ ቍጥር በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ምስክር ሊሆን አይችልም ነው። ዝናብ በዘነበበት ዓመት ሰርግ ቢበዛ፣ ዝናቡ ዳረ አይባልም።

በዚህ ስፍራ ሲ ቢ ዲን እንዲያስታውስልን አንባቢውን የለመንነው ይጠቅመናል። ያችው ያስሚን ሀርድ በኒውዮርክ ሆና በ2019 ባሳተመችው ምርምር፣ ሄሮይንን ለተዉ 42 ሰዎች ለአንዳንዶቹ ሲ ቢ ዲን ለሌሎቹ ደግሞ ምንም የሌለበትን ሰጠች። የቀድሞ ሱሳቸውን የሚያስታውስ ምስል ሲያዩ፣ ሲ ቢ ዲ የወሰዱት አምሮታቸውም ጭንቀታቸውም ቀነሰ፤ መውሰዱን ካቆሙም ከአንድ ሳምንት በኋላ ይኸው ታየ። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ግን ልብ እንበል፤ የተሰጣቸው የማያሰክረው፣ በሐኪም የተመዘነው፣ ንጽሕናው የታወቀው መድኃኒት ነው እንጂ በመንገድ ዳር የሚጨሰው ሐሺሽ አይደለም። ሰዎቹም 42 ብቻ ናቸው። ከካናቢስ ውስጥ አንድ መድኃኒት ሊወጣ መቻሉና ካናቢስ መድኃኒት መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሻገተ ነገር ላይ ፔኒሲሊን ተገኘ ተብሎ የሻገተ እንጀራ ለቍስል አይታዘዝም።

የካናቢሱን በር ጨርሶ መዝጋትስ አይሻልምን የሚል ቢኖር፣ ይህም ተሞክሯል። ሪሞናባንት የሚባል ጓጕንቸሩን የሚዘጋ መድኃኒት በ2006 በአውሮፓ ውፍረትን ለመቀነስ ተፈቀደ። ብዙም ሳይቈይ ከሚወስዱት ሰዎች አንዳንዶቹ በከባድ ኀዘን ተያዙ፤ ራስን የመግደል ሐሳብም ታየ። በ2008 መጨረሻ ከገበያ ታገደ። እግዚአብሔር ለሥራ ያቆመውን በር ያለ ማስተዋል የሚደፍን ሰው ከሌባው ጋር የቤቱንም ሰው ከውጭ ያስቀራል። አንጎል የተወሳሰበ ቤት ነውና በጥንቃቄ ካልሆነ አይጠገንም።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድን ነው? እኛ ሦስት ነገሮችን እንላለን።

አንደኛ፣ የሄሮይንን ወይም የሌላውን ኦፒዮይድ ሱሰኛ ሐሺሽ ይፈውሰዋል ማለት እስካሁን ባለው ማስረጃ አይቻልም። የሚፈውሰው መድኃኒት ባይኖር ኖሮ ሙከራውን ባልነቀፍን ነበር። ነገር ግን አለ። ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር በ1965 በኒውዮርክ ሜታዶንን ለሄሮይን ሱሰኞች በመስጠት ሰዎቹ ወደ ሥራቸውና ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ቡፕረኖርፊን ተጨምሯል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2005 ሁለቱን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቷቸዋል፤ ሱሰኛውን ከሞት የሚያድኑ መሆናቸውም በብዙ ምርምር ተረጋግጧል። እነዚህም ራሳቸው ኦፒዮይድ ናቸውና፣ «ይህስ አንዱን ሱስ በሌላው መለወጥ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ቀስ ብለው ገብተው ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ መጠናቸው ተመዝኖ በሐኪም ዐይን ሥር ይሰጣል፤ ጥቅማቸውም በሰው ላይ ተፈትኖ ታውቋል። የተፈተነውን ትቶ ያልተፈተነውን መያዝ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው መሆን ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆችንና ወጣቶችን ከሁለቱም ዕፆች መጠበቅ ግዴታችን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሱስ መድኃኒቱ ከሱሱ በፊት ነው። ይህንን ስንል ከአገራቸው ውጭ የሚኖሩትን ወገኖቻችንን ጭምር እናስባለን። እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሺንግተን ከተማና በአካባቢው፣ በራሱ በከተማው ከ2015፣ በቨርጂንያ ከ2021፣ በሜሪላንድ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው ካናቢስን መያዝ በክፍለ አገሩ ሕግ ተፈቅዶለታል። ወላጆች፣ «ሕግ የከለከለው ነውና ተው» ብቻ ሲሉ የኖሩ ከሆነ፣ ዛሬ ይህ ቃል ብቻውን አይበቃቸውም። ሕጉ ራሱ 21 ዓመትን ለምን ወሰን እንዳደረገ፣ ለጋ አንጎል ከጎልማሳው እንዴት እንደሚለይ ለልጆቻቸው ማስረዳት አለባቸው። የማስፈራራት ቃል ልጁ አንድ ጊዜ ቀምሶ ሳይሞት ሲቀር ዋጋ ያጣል፤ እውነተኛ ቃል ግን ይሰነብታል።

በአፍሪካም ምድር ፈተናው ሌላ መልክ አለው። በምዕራብና በሰሜን አፍሪካ አገሮች ትራማዶል የሚባለው የሕመም ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየገበያው እየተሸጠ ብዙ ወጣት አጥምዷል። ክኒን ስለሆነና ከመድኃኒት ቤት ስለመጣ ብዙ ሰው ከሄሮይን ወገን መሆኑን አይጠረጥርም። የሚከፍተው በር ግን ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ሱስን ስንፈራ ሕመምተኛውን እንዳንረሳ እንለምናለን። በ2017 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንደ ገለጸው፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ቶን ከሚሆነው ኦፒዮይድ፣ ድሆቹ አገሮች የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነው። አገራችንም በእነዚሁ አገሮች ተራ የምትቈጠር ናት። እንግዲህ አንዱ አገር ከሞርፊን ብዛት ሲሞት፣ ሌላው አገር ሞርፊን አጥቶ በካንሰር እየጮኸ ይሞታል። የአሜሪካን እሳት አይተን በሞት አፋፍ ላይ ላለው ሽማግሌ ሞርፊን እንዳይሰጠው ብንከለክል፣ ፍርሃታችን ጭካኔ ይሆናል። በሐኪም እጅ፣ በልኩና በጊዜው የሚሰጥ ሞርፊን ቅዱስ ሥራ ይሠራል። የሚያጠፋው ሐኪምና ልክ በሌለበት ሲወሰድ ነው።

በመጨረሻም ስለ ሱሰኛው አንድ ቃል እንጨምር። ከላይ የተናገርነውን ሁሉ ያነበበ ሰው፣ ሱሰኛ ማለት የታወከ አንጎል የተሸከመ ሕመምተኛ መሆኑን ሳይረዳ አይቀርም። ዘበኞቹ ተኝተውበታል፤ ጓጕንቸሮቹ ላልተዋል፤ ደስታውን የሚመዝነው ሚዛን ተዛብቷል። ይህ ማለት ፈቃድ የለውም ማለት አይደለም፤ ፈቃዱ ድጋፍ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ሲናቅና ሲሰደብ ነው። ጎረቤቱ ሌባ፣ ዘመዱም ውርደት እያሉ የሚጠሩት ልጅ ወደ ሐኪም አይሄድም፤ ወደ ጨለማው ይሄዳል እንጂ።

ሊቃውንቱ ሁለቱን በሮች ካገኙ ገና ብዙ ጊዜ አልሆነም። በ1999 የታየው ነገር፣ ማለት ሕመምን እያስታገሠ ሱስ የማያስይዝ መንገድ ሊኖር መቻሉ፣ አንድ ቀን ለሰው ልጅ ይደርስ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን የተፈተነውን መድኃኒት ለሱሰኛው እናቅርብ፤ ሞርፊኑንም ለሚሠቃየው አንከልክል፤ ልጆቻችንንም ከሁለቱም በሮች እናርቅ። በአንድ ዕፅ ላይ የተጣለ ተስፋ ሌላ ሱስ ሆኖ እንዳይመለስብን እንጠንቀቅ።